ጥሩምባችንን ከመስታወቱ ሣጥን ያውጡልን

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሚካኤል
የነጸብራቅ ሞባይል የአዳማ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በመጣሁ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ለሚሉኝ ትሑት የጥበቃ ሠራተኛዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። የዘንድሮው የአዳማ ነፋስ ዓይንዎን እንዳያቆስለው፣ ሙቀቱ እንዳያደክምዎ፣ ከወራት በፊት የገቡበት ስብሰባም በሰላም ተጠናቆ ከሰው ጋር እንዲያገናኝዎ ዘወትር ጸሎቴ ነው።

እኔ ጥርሴን በነቀልሁበት በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ሥራ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ጥሩነሽ የምባል የዚህች ከተማ ነዋሪ ነኝ። በሥራ ዘመኔ የተከሳሽን ዝምታ፣ የምስክርን ዝምታ፣ ውሳኔ የከበደውን ዳኛ ዝምታ ሁሉ አይቻለሁ። እንደ እርስዎ ያለ በሚገባ የተሟላ ዝምታ ግን አላጋጠመኝም፤ እንኳን ለዚህ አበቃዎ።

ባለቤቴን አቶ ገብረወልድን እንደሚያስታውሷቸው አልጠራጠርም። በሰፈራችን እድር የድንኳን ኃላፊ የሆኑት፣ የቅርንጫፍዎ ምረቃ ዕለትም ለእንግዶችዎ ድንኳን ተክለው ወንበር የደረደሩልዎ ረጅሙ ሰውዬ ናቸው። በዚህ ሰፈር ሞት በገባበት ቤት ሁሉ ከሬሳ ሣጥኑ በፊት የእሳቸው ካስማ ይደርስ ነበር። ዛሬ ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪሙ «ቤታቸው ይሁኑ፤ ያማራቸውን ያብሏቸው» ብሎ ሸኝቶናል፤ ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ በእኔ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው አስተርጓሚ አያሻውም።

ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም። አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው፤ ነጸብራቅ ስልክ ሊቋረጥ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ባለቤቴ የተጠሩ ዕለት የእድራችን ጥሪ ይጮኻል ወይስ አይጮኽም? ፈርቻለሁ፤ ፍርሃቴንም ከእርስዎ መደበቅ አልፈልግም።

ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ መጠን ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት እንዳብራራ ይፈቀድልኝ። የእኛ እድር የቆየ የሰፈር እድር ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም አብሮ የሚቀባበርበት ነው። ሰው ሲሞት አቶ ጫምሳ የሚባሉ ለፋፊያችን ጎሕ ሲቀድ ጥሩምባቸውን ይነፉና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በአማርኛም በኦሮምኛም ይናገራሉ። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ከአልጋው ይነሣል፤ ከሟቹ ጋር ተጣልቶም ቢሆን ይነሣል። ኋላ ግን ከተማው ሰፋ፣ አባሉም ገሚሱ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ ገሚሱ ወደ ዳቤና ወደ ቦኩ ተበተነ። አቶ ጫምሳ ደረታቸው እስኪሰነጠቅ ቢነፉም የዚህ አገር ነፋስ ድምፃቸውን ወደማንፈልገው አቅጣጫ እየወሰደ አስቸገረን።

እርስዎ የደረሱልን ያኔ ነበር። ነጸብራቅ ስልክ «የመንደር ጥሪ» የሚባል ነገር እንዳለው፣ ድምፁ ተዘግቶ እንኳ ቢሆን እንደሚጮኽ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት በሁለቱም ቋንቋ እንደሚናገር በእድራችን አዳራሽ ቆመው አስረዱን። የአቶ ጫምሳን ጥሩምባ ድምፅ ቀድተው ለስልኩ ጩኸት አደረጉት፤ አዛውንቱ ድምፃቸው ከየኪሱ ሲወጣ ሲሰሙ አለቀሱ። ጥሩምባውንም «የቅርስ ቦታው እኛ ዘንድ ነው» ብለው ወሰዱና በቅርንጫፍዎ መግቢያ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። «ማንም ሳይሰማ አይቀርም» የሚለው ማስታወቂያችሁም ከበላዩ ተሰቀለ። በመጨረሻም የራስዎን ስልክ አውጥተው በጥሪው ውስጥ ሲያስመዘግቡና የእድራችን የክብር አባል ሲሆኑ እልልታው የአዳራሹን ቆርቆሮ አናወጠው። እኔም እልል ካሉት አንዷ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ስላደረጉልን ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ዝምታዎ አመሰግናለሁ። ከጥምቀት በኋላ ወሬው ሲጀመር «አዲስ ነጸብራቅ ከእንግዲህ አይገባም» የሚል ብቻ ነበር። ከእርስዎ አንዲት ቃል ብትወጣ ኖሮ እዚያው ላይ ይሞት ነበር። እርስዎ ግን ወሬን ማቋረጥ ነውር መሆኑን ስለሚያውቁ በነጻነት እንዲያድግ ፈቀዱለት። በሳምንቱ ባጃጅ ውስጥ «ያለውም ከፋሲካ በኋላ ይዘጋል» ተባለ፤ አመዴ ገበያ ሲደርስ «ባትሪው ይፈነዳል» ሆነ፤ ከአመዴ ሲመለስ ደግሞ ስልኩ የያዘውን ሰው ፎቶ ሁሉ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ሆኖ ተመለሰ። የጥገና ሱቆች የነጸብራቅ ስክሪን ሲጠየቁ አንገታቸውን ይነቀንቁ ጀመር፤ መለዋወጫውም የውሃ ሽታ ሆነ። እርስዎ በበሩ ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ በእጄ ገልብጫለሁ፤ «እየተናፈሰ ያለውን ወሬ በተመለከተ በቂ ማብራሪያ ወደፊት የምንሰጥ መሆኑን በአክብሮት እናሳውቃለን» ይላል። ስንት ዓመት ሰነድ ሳገላብጥ ኖሬ እንዲህ ምንም ሳይል በማኅተም የተረጋገጠ ጽሑፍ አላየሁም።

፪ኛ. ስለ ኪስዎ አመሰግናለሁ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ የእድሩ ሰው ተጨንቆ ለስብሰባ በጠራዎ ጊዜ፣ ከዚያ ከረጅሙ ስብሰባዎ ጊዜ ቆርሰው መምጣትዎ ክብር ነበር። ሰዎቻችን «አለ ወይስ የለም?» ብለው ሲወጥሩዎ እርስዎ ፈገግ ብለው የኮትዎን ኪስ መታ መታ አደረጉና «እኔ ራሴ የምይዘው ምን ይመስላችኋል?» አሉን። ሌላ ምንም አላሉም። ባለቤቴ ያኔ ገና በእግራቸው ይሄዱ ስለነበር ከአዳራሹ ስንወጣ የሚያጉረመርመውን ሁሉ እያስቆሙ «ሰውዬው ኪሱን መትቶ ነግሮናል፤ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ይሉ ነበር። የእሳቸው ትውልድ ሰው በደረቱ በኩል ያለ ኪሱን ሲመታ መሐላ ይመስለዋል። የእርስዎን ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ ያላመነ ሰው የእርስዎን ኪስ አመነ ማለት ነው።

ሆኖም ሁሉም እንደ ባለቤቴ አልነበረም። ብዙው አባል «ሳይረክስ» እያለ ቀፎውን ለነጋዴ ሸጠ፤ ነጋዴውም ወሬው ወዳልደረሰባቸው ወደ ባቱ፣ ወደ ወለንጪቲ፣ ወደ ሞጆ ወሰደው። ይህን ማንም ለማንም አልተናገረም፤ የእድር ስልክ ሸጥሁ ማለት ያሳፍራላ!

፫ኛ. ለሦስተኛው ምስጋናዬ ትንሽ ትዕግሥት እለምንዎታለሁ፤ ይህኛው ሰው አለበት።

ጥሪው ከሲም ካርድ ጋር ሳይሆን ከቀፎው ጋር የታሰረ መሆኑን በአዳራሹ ባስረዱን ዕለት እንደ ትልቅ በረከት ነግረውን ነበር። «ቁጥር ቢቀይሩም ጥሪው አይለቅዎትም» ነበር ያሉት። የእኛ ሰው ደግሞ ሰው የሚገኘው በቁጥሩ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ቀፎውን ሸጦ ሲሙን በሌላ ስልክ ከትቶ «ቁጥሬ ያው ነው፤ ለቅሶ ቢኖር እሰማለሁ» ብሎ ተረጋግቶ ተቀመጠ። የሱቅ ልጆች ፎቶና አድራሻ ማጥፋት ይችላሉ፤ ጥሪውን ከቀፎው ማውጣት የሚችለው ግን የእርስዎ ቢሮ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ቢሮ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው።

እንዲህ እያለን አቶ መርዳሳ ሐሙስ ማለዳ ዐረፉ። አቶ መርዳሳ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሰፉ፣ ለድሃ ልጅ ሲሆን ታጥፎ የሚለቀቅ ጨርቅ ከሥር የሚያስቀሩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም በኳየር የዘመሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጸሐፊያችን ጥሪውን ላከች፤ ስልኳም «ጥሪው ለሁሉም አባላት ደርሷል» ብሎ መለሰላት። በመለሰላትም መሠረት ማንም በር ለበር አልሄደም፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰምቷል።

የእኔም ስልክ ጮኸ። ጥሩምባው ተነፋ፣ ስማቸው ተጠራ፣ ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ተነገረ። ባለቤቴን ለጎረቤት ልጅ አደራ ብዬ ሄድሁ። ግቢው ውስጥ ያሉት ግንብ የሚጋሯቸው ጎረቤቶችና የቤተ ክርስቲያናቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጥዋቱ አለፈ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ ድንኳን የለም። የእድሩ ወንበር የለም፤ ሣጥን የሚሸከም ጉልበት ያለው ወንድ የለም። እኛ ሴቶቹ በር በሩን እያየን፣ አንዳችን የሌላችንን ዓይን እየሸሸን ተቀመጥን። ነፋሱ የቆርቆሮውን በር በገፋው ቁጥር ሰው መጣ ብለን ቀና እንላለን። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ጉዲቱ ማልቀሳቸውን አቁመው እጄን ያዙና «ጥሩዬ፣ ምን አድርገናቸው ነው?» አሉኝ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ በሥራዬ ብዙ ከባድ ጥያቄ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። ለዚህኛው ግን መልስ አጣሁ፤ ዛሬም የለኝም። እርስዎ ካለዎት ቢልኩላቸው አድራሻቸው ከታች ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲሰሙ ግን በምርትዎ ጥራት ይኮራሉ። መጀመሪያ የገባችው ፋና የምትባል የወለንጪቲ ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «አካም ጅርቱ» ብላ ደኅንነታችንን ጠይቃ ስታበቃ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። ከየት ነሽ፣ የማን ዘመድ ነሽ ስንላት ሟቹን አይታቸው እንደማታውቅ፣ ነገር ግን ከገበያ የገዛችው ስልክ ማለዳ ጥሩምባ ነፍቶ ለቀብር እንደጠራት ነገረችን። «ስማቸውን ባላውቀውም ለቀብር ተጠርቼ እንዴት እቀራለሁ?» አለች። ቀጥሎ ኑዕማን የሚባል የሞጆ ባጃጅ ነጂ መጣ፤ እሱ ደግሞ ጥሪው የሌላ ሰው መሆኑ ገብቶት፣ የስልኩን የቀድሞ ባለቤት ፈልጎ «ለቅሶ አለብህ» ሊል ነበር የመጣው። በግቢው ውስጥ የሚፈልገውን ሰው አላገኘም፤ ያገኘው ሬሳ ብቻ ስለነበረ ጃኬቱን አውልቆ ቀረ። ከባቱም ዓሣ አጥማጆች ተሳፍረው መጡ። ከላንጋኖ ሐይቅ ዳር ከአንድ ሆቴል ጆቴ የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ፈረቃውን ለጓደኛው ሰጥቶ መጣ።

ስልኩ በጮኸ ጊዜ የአባሉ ስም በስክሪኑ ላይ ይወጣልና፣ የእያንዳንዱ እንግዳ ቀፎ የማን እንደነበረ በዓይናችን አየን። የፋና የማን እንደነበረ፣ የኑዕማን የማን እንደነበረ፣ ለሰፈሬ ሰዎች ክብር ስል እዚህ አልጽፍም። የጆቴንም ቀፎ ነገር ለጊዜው ልለፈው።

ድንኳኑን ከእድሩ መጋዘን አውጥተው የተከሉት እነዚህ እንግዶች ናቸው። ምሰሶውን መጀመሪያ ገልብጠው ነበር የተከሉት፤ ባለቤቴ ቢያዩት በሳቅም በንዴትም ይሞቱ ነበር። ሣጥኑን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። የሟቹ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው ፋና ነበረች፤ አቶ መርዳሳ ማን እንደነበሩ ያወቀችው ያን ጊዜ ነዋ። አመሻሹ ላይ የእድራችን አባላት ወሬውን ከሌላ ሰምተው አንገታቸውን ደፍተው አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ሲጀምሩ፣ በሩ ላይ የእጅ ውሃ ይዞ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ያላቸው የሞጆው ኑዕማን ነበር። በገዛ እድራቸው ለቅሶ እንግዳ ሆነው ተቀመጡ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «አልሰማንም።» እውነታቸውን ነው። ማንም ሳይሰማ አይቀርም ያላችሁትም እውነታችሁን ነው፤ ማን እንደሚሰማ አልነገራችሁንም እንጂ።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ትራሳቸውን ተደግፈው ይጠብቁኝ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሰው ነበረ?» የሚል ነው። ነበረ አልኋቸው። «እነማን?» አሉኝ። ከወለንጪቲም፣ ከሞጆም፣ ከባቱና ከላንጋኖም ሳይቀር መጥተዋል አልሁ፤ የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነው። ፊታቸው በራ። «መርዳሳ ይሄን ያህል ዘመድ አለው እንዴ? ተሠውሮብኝ ኖሯል» ብለው ተኙ። እኔ ግን አልተኛሁም።

፬ኛ. ስለ ጥሩምባችን አያያዝ አመሰግናለሁ። በማግስቱ አቶ ጫምሳን ይዤ ቅርንጫፍዎ መጣሁ። ስልኩ የሚታመን ካልሆነ ወደ ጥንቱ እንመለስ፣ በባጃጅም እየዞሩ ቢሆን ይንፉልን ብዬ ነው። ጥሩምባው በመስታወቱ ውስጥ ተወልውሎ ያበራል፤ አጠገቡም «ድሮ እንዲህ ነበር» የሚል ጽሑፍ አለ። የጥበቃ ሠራተኛዎ ሣጥኑ የድርጅቱ ንብረት መሆኑን፣ ቁልፉም በእርስዎ እጅ መሆኑን፣ እርስዎም የት እንዳሉ የምናውቀው መሆኑን በትሕትና ገለጹልን። አቶ ጫምሳ መስታወቱን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ወጡ። እኔ ስወጣ ግን የድርጅታችሁ ስም ያለበት የውጭው ሰሌዳ ተነቅሎ በግድግዳው ላይ ችንካሩ ብቻ መቅረቱን አየሁ። «ለማደስ ነው» ተባልሁ። ያድስልዎ።

፭ኛ. አምስተኛውን ለእርስዎ ጆሮ በሚስማማ ቋንቋ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እንዲሁ ልበለው። ባለቤቴ ነጸብራቅ ስልካቸውን ከትራሳቸው ሥር አድርገው ነው የሚተኙት። አልሸጡትም፤ እንዲሸጡም ሲነገራቸው ስለ ኪስዎ ይተርካሉ። ከሰዓት በኋላ ሲነቁ «ጮኸ እንዴ?» ይላሉ፤ ሰው ሞቶ ድንኳን ሳያስተክሉ የቀሩ እየመሰላቸው። አንዳንድ ቀን ደግሞ እየቀለዱ «የኔን ማን ይተክለው ይሆን?» ይሉኛል። እኔም «ዝም ይበሉ እንጂ» ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ድንኳን የተከሉ ሰው፣ በራሳቸው ቀን ግቢያቸው ባዶ እንዳይሆን ነው ፍርሃቴ። ወይዘሮ ጉዲቱ የጠየቁኝን ጥያቄ እኔም ሌላ ሰው እጅ ይዤ እንዳልጠይቅ ነው። ከዚህ የበለጠ አቤቱታ የለኝም።

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነጸብራቅ ይቋረጣል ወይም አይቋረጥም ብለው በአንዲት ዐረፍተ ነገር እንዲነግሩን፤ ይቋረጣል ከሆነ አንቀየምዎትም፤ ዕቃ ነው፣ ያልቃል። ሰው ግን አልቆበት ሳለ አላለቀም እየተባለ ሲጠብቅ ነው የሚጎዳው። ሁለተኛ፣ የሣጥኑን ቁልፍ ለዚያ ትሑት የጥበቃ ሠራተኛ እንዲሰጡልን። በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእድሩ ሰው በሙሉ፣ የሸጠውም ያልሸጠውም፣ ከቅርንጫፍዎ በር ላይ እንሰበሰባለን። መስታወት የመስበር ልማድ የለንም። ቆመን ግን መጠበቅ እናውቃለን፤ እርስዎ አስተምረውናል።

ስለ ኪስዎ፣ ስለ ማስታወቂያዎና ስለ ስብሰባዎ ያለኝን የማይቀዘቅዝ አክብሮት እየገለጽሁ፣ የእጅዎ ስልክ ምንም ዓይነት ቢሆን ሁልጊዜ ሲግናል እንዲኖረው እየተመኘሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ በትዕግሥት የምጠብቅዎ፤

ጥሩነሽ
የአቶ ገብረወልድ ባለቤት
(የወይዘሮ ጉዲቱ ቤት ከእኛ ቤት በስተጀርባ፣ የልብስ ስፌት ማሽን ምልክት የተሳለበት አረንጓዴ በር)

ግልባጭ፦
ለአቶ ጫምሳ፣ በቤታቸው
ለጥሩምባው፣ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ

ተጨማሪ ቃል፦ የጆቴን ቀፎ ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበርና ልመለስበት። የላንጋኖው ጥበቃ ስልኩን የገዛው ለገና ሰሞን ነው፤ ማለትም ወሬው ከመጀመሩ በፊት፣ እርስዎም ኪስዎን መታ መታ ከማድረግዎ ብዙ ቀደም ብሎ። ለአቶ መርዳሳ ቀብር ጥሪው ሲጮኽ በስክሪኑ ላይ የወጣው ስም «የክብር አባል ሰይፈሚካኤል» የሚል ነበር። ስለዚህ «ነጸብራቅ ይቋረጣል ወይ?» ብዬ ከላይ የጠየቅሁዎት መልሱን አጥቼው አይደለም፤ በራስዎ አንደበት የመናገር ዕድል እንዳይቀርብዎ ብዬ ነው። ለባለቤቴ አልነገርኋቸውም፤ አሁንም ኪስዎን እንዳመኑ ናቸው። ጆቴ ከቀብሩ ጥቂት ቀናት በኋላ ቤቴ መጥቶ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ምሰሶ እንዴት እንደሚቆም እጃቸውን እያወዛወዙ ሲያሳዩት አመሹ። እድሩም ስምዎን ሰርዞ እሱን በቦታዎ አባል አድርጎታል። እንግዲህ ባለቤቴ የተጠሩ ዕለት በእርስዎ ስም የተመዘገበው ስልክ ላንጋኖ ላይ ይጮኻል፤ ቀድማችሁ ብትዘጉትም የሰውየውን ቁጥር ይዣለሁ። እሱ ይመጣል፤ እርስዎ አይቸገሩ።